እናቴን የሚጥላት ፊደል

እናቴ ስልክ ሲጮህ ትወድቅ ነበር። ሁልጊዜ አይደለም፤ ሁልጊዜ ቢሆን ኖሮ ቀደም ብለን እንነቃበት ነበር። ሐሳቧን መርፌው ላይ ጥላ ልብስ እየሰፋች ሳለ አጠገቧ ያለው ስልክ ድንገት ሲያንባርቅ ነው ዐይኗ ወደ ላይ ተገልብጦ ከወንበሯ ሸርተት የምትለው። ወዲያው ትነቃለች። ስትነቃም የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ማነው የደወለው?» ነው።

ሶዶ ውስጥ፣ ዳሞታ ተራራ በመስኮት በሚታይበት ሰፈር ከእሷና ከአባቴ ጋር እኖራለሁ። እናቴ የወላይታን የባህል ልብስ፣ ዱንጉዛን ትሰፋለች። ለጊፋታ፣ ለወላይታ አዲስ ዓመት በዓል፣ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ለብሶ ከሚወጣው ሰው ግማሹን እኔ ነኝ ያለበስኩት ብላ ታምናለች፤ እኛም አንከራከራትም። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አማርኛ አስተማሪ ነበር። እኔ ሴት ልጃቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለዚህ እናቴ ስትወድቅ ምክንያቱን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ ብሎ የሚያስብ ይኖር ይሆናል። እናቴ ራሷ ከእነዚህ አንዷ ናት።

መጀመሪያ የወደቀችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እሑድ ረፋድ ላይ፣ መዘምራኑ ሊጀምሩ ሲሉ ማይክራፎኑ ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ለቀቀ። እናቴ ከመዘምራኑ መካከል ቆማ ነበርና ወደ ኋላዋ ዘፍ አለች። እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሲወድቅ ሐኪም የሚጠራ የለም። ሁለት ሴቶች ነጠላ ደረቡላት፤ አንድ ሽማግሌ ጌታ እየሠራ ነው አሉ፤ ጸሎቱም ጋለ። ስትነቃ ምን እንዳየች ጠየቋት። ምንም እንዳላየች፣ ያስደነገጣት ማይክራፎኑ እንደሆነ ነገረቻቸው። በመልሷ ቅር ያላቸው ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ አደባባዩ አጠገብ አንድ ባጃጅ ከኋላዋ ጡሩንባውን ሲነፋ ወደቀች። ባጃጅ ነጂው የገጫት መስሎት ወርዶ ሲያለቅስ፣ ነቅታ ያጽናናችው እሷ ናት። ቀጥሎ ደግሞ የጣልኳት እኔ ነኝ። ማለዳ የሚያነቃኝን ስልኬን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ረስቼው ኖሮ፣ እሷ ሻይ ስትቀዳ ጮኸ። ሻዩ ወዲያ፣ እሷ ወዲህ። ያን ዕለት ትምህርት ቤት ቀርቼ ወደ ሆስፒታል ወሰድኳት። እናቴ ሐኪም ቤት መሄድ የምትወደው ሌላ ሰው ታሞ ሊጠየቅ ከሆነ ብቻ ስለነበር፣ ደረጃው ላይ እስክንደርስ ድረስ ማንን ልንጠይቅ እንደመጣን አልነገርኳትም።

ሶዶ ያየን ወጣት ሐኪም ዝምተኛ ነው። የልቧን ምት የቀዳውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በማስመሪያ ለካው፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ለካው። ልብ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ለሚቀጥለው እንደገና እንደምትሰናዳ፣ የእናቴ ልብ ግን በመሰናዳቱ ትንሽ እንደምትዘገይ ነገረን። ዝግጅቱ ሳያልቅ ድንጋጤ ሲደርስባት ምቱ ይዘባረቃል፣ ደም ወደ ጭንቅላት አይደርስም፣ ሰው ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ራሱ ይስተካከላል። አንዳንዴ ግን አይስተካከልም። ይህን የመጨረሻውን ለእኔ ብቻ፣ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ደግሞም መዘግየቱ ድንበሩ ላይ ስለሆነ በወረቀቱ ብቻ እንዲህ ነው ለማለት እንደሚቸግረው አስረዳኝና አዲስ አበባ ወዳሉ የልብ ሐኪም ላከን።

እኚያ ሐኪም ጠና ያሉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው። ነገሩ በዘር የሚወርድ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥረው የእናቴን ደም በአንድ ምርምር በኩል ወደ ውጭ አገር ላኩት። ከወራት በኋላ ውጤቱን ልንሰማ ስንሄድ እናቴ አዲስ የሰፋችውን ቀሚስ ለበሰች። ሐኪሟ እንዲህ አሉን፦ ልብ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ህዋስ ትንንሽ በሮች አሉት። በአንደኛው በር ፖታሲየም ይወጣል፤ ልብ የምትሰናዳው በዚያ ነው። የዚህ በር አሠራር በጂን ውስጥ ተጽፏል። እናቴ ካሏት ከሁለቱ ቅጂዎች በአንዱ ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣ ተገኝታለች። ይህች ለውጥ ግን ከዚህ በፊት በማንም ላይ አልተመዘገበችም። ስለዚህ ጥፋተኛ ትሁን ንጹሕ የሚያውቅ የለም። ስሟም «ትርጉሟ ያልታወቀ ለውጥ» ነው።

እናቴ ቀሚሷን አስተካክላ «ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሜያት ትርጉሟን የሚያውቅ ጠፋ?» አለች።

ለእሷ መድኃኒት ተጀመረላት፤ መውደቋ ብቻውን በቂ ምክንያት ነበር። የከበደው የእኛ የዘመዶቿ ጉዳይ ነው። ፊደሏ ጥፋተኛ ከሆነች ማን እንደያዛት በደም ምርመራ ይለያል፤ የያዘ ይጠነቀቃል፣ ያልያዘ እፎይ ብሎ ቤቱ ይገባል። ንጹሕ ከሆነች ግን እሷን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ በሽታው ሌላ ቦታ ተደብቋል ማለት ነው። ስንመለስ እናቴ ይህን ሁሉ አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት አጫወተቻት። ሴትዮዋ ከፊት ላለው ነገረች። ሶዶ ስንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ የእናቴን ፊደል ትርጉም እየፈለገ ነበር።

አባቴ ቤት ሆኖ ይጠብቀን ነበር። ክፍል ውስጥ እንደማስረዳው አድርጌ ነገርኩት። አንዳንድ ለውጥ «ሀገር» የሚለውን በሀሌታው ሀ ፈንታ በሐመሩ ሐ እንደመጻፍ ነው፣ አንባቢው ሳያውቀው ያልፋል አልኩት። አባቴ ፊቱን አጨማደደ። ዕድሜ ልኩን በቀይ እስክሪብቶ ሲያርመው የኖረውን ስሕተት እንደ ቀላል ነገር በመጥቀሴ ቅር ብሎታል።

«ፀሐይ ሠረቀች ብሎ መጻፍ ሲገባው በእሳቱ ሰ ጽፎ ፀሐይን ሌባ ያደረጋት ተማሪ ነበረኝ» አለኝ። «እሱም አንዲት ፊደል ነው።»

«ታዲያ አባዬ፣ የትኛዋ ፊደል እንደምታበላሽ በምን ታውቃለህ?»

«ዐረፍተ ነገሩን አንብቤ ነዋ። ፊደሏን ለብቻዋ አይቼማ ምን አውቃለሁ?»

በኋላ ሳስበው፣ ፊደሏን የመረመሩት ተመራማሪዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ሐኪሟ ለፍለጋው እንዲረዳ ዘመዶቻችን እንዲመረመሩ ጠይቀው ነበር። ፊደሏና መውደቁ አብረው የሚሄዱ ከሆነ አንድ ፍንጭ ነው። እናቴ ተበላ በምትባል ቆላማ ከተማ የምትኖር ታላቅ እህትና ሻንቶ ያለ ታናሽ ወንድም አሏት። በገበያ ቀን ወደ አክስቴ ወረድኩ።

አክስቴ በአካባቢው የምትታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በማንጎዋና በፍርሃቷ። ልጅ ሳለች ለቅሶ ላይ ጥይት ሲተኮስ ወድቃለች። ሠርግ ላይ ወድቃለች። የመንደሩ ልጆች ከኋላዋ መጥተው ድንገት እያጨበጨቡ ሲጥሏት ይሳሳቁ እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። «ፈሪዋ» የሚለው ቅጽል ካደገችም በኋላ አልተዋትም። ይህችው ፈሪ ሴት እባብ በዱላ ስትገድል በዐይኔ አይቻለሁ። ከጎረቤት ጋር በድንበር ስትጣላም የቀበሌ ሰዎች መሐል ገብተው ለመገላገል ይፈራሉ። ግን ፈሪ ተብላለች፤ እሷም ተቀብላው ነበር።

ደሟን የፈለግሁበትን ምክንያት ነገርኳት። ደሙ ተመልሶ እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። አይመጣም አልኳት። እስክታስብበት ድረስ ማንጎውን እንድሸጥላት አዝዛኝ ጥላ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። በተበላ ፀሐይ ማንጎ ስሸጥ ዋልኩ። ሐሳቧ ያለቀው ልክ ማንጎው ሲያልቅ ነው። በማግስቱ ሶዶ መጥታ ከእኔ ጋር ደም ሰጠች፤ የልቧም ምት ተቀዳ። ለሐኪሙ ሁሉን ስትተርክለት፣ ከሁሉ የከፋው አወዳደቋ ወባ ይዟት መድኃኒት እየዋጠች ሳለ የድስት ክዳን ሲወድቅ እንደነበር ነገረችው። ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። አንዳንድ የወባ መድኃኒት የልብን መሰናዳት ጨምሮ እንደሚያዘገይ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

አጎቴ ሻንቶ ላይ ወፍጮ ቤት አለው። ስለ ልብ በሽታ የተነጋገርነው በወፍጮው ጩኸት መካከል እየተጯጯህን ነው። ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ሁሉ ሰምተው አዘኑልኝ። አጎቴ ግን ሳቀ። ጩኸት የሚገድል ቢሆን ኖሮ እሱ ከረጅም ጊዜ በፊት ተቀብሮ እንደነበር፣ እህቶቹ የሚወድቁት ሴቶች ስለሆኑ እንደሆነ አስረዳኝ። ደሙን የሰጠን እኛን ለማሳፈር ሲል ብቻ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ማንም በደንብ አላፈረም። ፊደሏ አራታችንም ዘንድ ተገኘች፤ በእናቴ፣ በአክስቴ፣ በአጎቴና በእኔ። እናቴና አክስቴ ይወድቃሉ። አጎቴና እኔ ወድቀን አናውቅም። ሐኪሟ በስልክ ሲነግሩኝ ትንሽ ተነፈሱና ይህ ወዲያም ወዲህም እንደማይል ገለጹልኝ። ፊደሏን ይዘው የማይወድቁ ሰዎች መኖራቸው ንጹሕ አያደርጋትም፤ ይዘዋት የሚወድቁ መኖራቸውም ብቻውን ጥፋተኛ አያደርጋትም።

ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። አጎቴ የፊደሏ ጠበቃ ሆነ፤ በየሄደበት ራሱን እንደ ማስረጃ ያቀርባል። እናቴ ከሳሽ ሆነች። አባቴ ፍርድ ሳይሰጥ ማንንም ወንጀለኛ ማለት ነውር ነው እያለ በመሐል ቆመ። እናቴ ግን ፍርዱን አልጠበቀችም፤ ቤቱን ጸጥ አሰኘችው። የስልኮቻችን ድምፅ ጠፋ። የግቢው በር ላይ «አያንኳኩ፤ በቀስታ ይጥሩ» የሚል ጽሑፍ አባቴ በሚያምር እጁ ጽፎ ለጠፈ። ከዚያ ወዲያ የመጣ እንግዳ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ያንሾካሹካል፤ እኛ ደግሞ አንሰማውም። ልብስ ሊያሰፉ መጥተው ተስፋ ቆርጠው የተመለሱ ደንበኞች ነበሩ። የጎረቤታችን ሴት ከእሷ የምንደብቀው ምሥጢር ያለ መስሏት ለብዙ ቀን አኩርፋናለች።

እኔስ? እኔ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ስለ ህዋስ እያስተማርኩ ሳላስበው የግራ እጄን አንጓ ይዤ ምቴን ስቆጥር እገኝ ነበር። የትምህርት ቤቱ ደወል ሊደወል ሲል ጠረጴዛ እደገፋለሁ። ደወሉ ይደወላል፤ እኔም ቆሜ እቀራለሁ። ተማሪዎቹ ሰዓቱ እንዲያልቅ ከእነሱ ይልቅ እኔ የቸኮልኩ መስሏቸው ነበር። ሰው ታሟል ቢሉት ያውቀዋል፤ ደህና ነህ ቢሉትም ደስ ይለዋል። «አይታወቅም» ከሚል ቃል ጋር እንዴት እንደሚኖር ግን ማንም አላስተማረኝም።

በዚህ መሐል ነው ሐኪሟ ደውለው ስለ አንዲት ተመራማሪ የነገሩኝ። የአገራችን ልጅ ናት፤ በውጭ አገር ላብራቶሪ ውስጥ እነዚህኑ የፖታሲየም በሮች ታጠናለች። የእናቴን ፊደል በህዋስ ላይ ልትሞክራት ፈቅዳለች። ዘዴው ሲነገር ቀላል ነው። ላብራቶሪ ውስጥ የሚባዙ የሰው ህዋሶች አሉ፤ ይህ በር የላቸውም። ለአንዱ ሳሕን ህዋሶች የበሩን ትክክለኛ ጽሑፍ ይሰጧቸዋል። ለሌላው ሳሕን የእናቴ ፊደል የገባችበትን። ለሦስተኛው ሁለቱንም ቀላቅለው፤ እናቴ ራሷ ሁለቱንም ይዛለችና። ከዚያ ህዋሶቹ ያነቡትን ሲሠሩ ይጠብቃሉ፤ በሩ ተሠርቶ ከተተከለ በኋላም ከፀጉር በቀጠነ የመስታወት መርፌ አንድ ህዋስ ነክተው በበሩ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ይለካሉ።

ይህን ለአባቴ ስነግረው «ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተው ሊያነቧት ነው» አለ። የአንድ ተማሪውን ጥሩ መልስ የሰማ ያህል ደስ ብሎት ነበር።

እናቴ ወሬውን ለጸሎት ቡድኗ አደረሰችው። ሐሙስ ሐሙስ የሚሰበሰቡት ሴቶች ለታመሙት፣ ለተሰደዱት፣ ለዝናቡ ከጸለዩ በኋላ ለህዋሶቹም መጸለይ ጀመሩ። ከሴቶቹ አንዷ ህዋሶቹ ክርስቲያኖች ናቸው ወይ ብላ ጠይቃ ነበር፤ እናቴ ይህን ለተመራማሪዋ እንዳነሣላት ለመነችኝ። አላነሣሁም።

ተመራማሪዋ በቪዲዮ ደውላ ሥራውን ልታሳየን ቃል በገባችበት ቀን እናቴ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከስልኩ ፊት ቀድማ ተቀመጠች። አባቴ ኮት ለበሰ። ተመራማሪዋ ነጭ ካፖርት ያደረገች፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ስልኳን ማይክሮስኮፑ ላይ ወደተገጠመው ስክሪን አዞረችልን። ደብዘዝ ያለ፣ የተንጠባጠበ ቅባት የሚመስል ነገር ስክሪኑን ሞልቶት ታየን።

«እነዚህ የእኔ ናቸው?» አለች እናቴ።

ተመራማሪዋ በአክብሮት አስረዳቻት። ህዋሶቹ ከብዙ ዘመን በፊት ከሌላ ሰው የመጡ ናቸው፤ ከእናቴ የወሰዱት ያቺን ፊደል ብቻ ነው።

«እንግዲያ የኔን ጣጣ ለሰው አሸክማችሁታል ማለት ነው። አይወድቁም?»

«ህዋስ አይወድቅም እማማ። ቁጭ ብሎ ነው የሚኖረው።»

እናቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለችና ቤቷ ለመጣ እንግዳ እንደምትለው በወላይትኛ «ሳሮ» አለቻቸው። ደህንነታቸውን፣ ምግባቸውን፣ ብርዱን ጠየቀቻቸው። ተመራማሪዋ ወላይትኛ ስለማትችል ተርጉሜ ነገርኳት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ህዋሶቹ የሰው ገላ በሚሞቀው ልክ የሚሞቅ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደሚያድሩ፣ ምግባቸውም በየጊዜው እንደሚቀየርላቸው መለሰችላት። እናቴ ተመስገን አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተመራማሪዋን «ልጄ» ትላታለች፤ አግብታ እንደሆነም በእኔ በኩል አስጠይቃለች።

መልሱ ቶሎ አልመጣም። አንድ ጊዜ ለክቶ ማመን የለም፤ ይደግሙታል፣ ደግሞ ይደግሙታል። ንጹሕነታቸው የታወቀ ሌሎች ፊደሎችንና ጥፋታቸው የታወቀ ሌሎችንም ጎን ለጎን አስቀምጠው ይፈትናሉ፤ ፈተናው ራሱ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው እነዚያን በደንብ ሲለይ ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ በፈተና ወረቀት መካከል የሚያውቀውን ተማሪ ወረቀት እየከተተ ራሱን ይፈትን እንደነበር አጫወተን። እናቴ ይህን ወሬ ከተጋቡ ጀምሮ ስትሰማው መኖሯን ተናገረች።

ሐኪሟና ተመራማሪዋ አንድ ላይ ሆነው የደወሉልን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አጎቴም ከሻንቶ መጥቶ ነበር፤ ድሉን ሊያከብር። ተመራማሪዋ ነገሩን በቀላሉ ለማስረዳት ያሰበችበት ይመስላል።

«በሩ ይሠራል» አለች። «ግን ከአናጺው ግቢ አይወጣም።»

ህዋሱ የእናቴን ፊደል አንብቦ በሩን ይሠራዋል። በሩ ግን ትንሽ ስለተጣመመ የህዋሱ ተቆጣጣሪዎች ውስጥ ያስቀሩታል፤ ሄዶ ከቤቱ ግድግዳ ላይ አይገጠምም። ለበሩ የሚያበራ ቀለም ሰጥተው ሲያዩት፣ ጤነኛው ሳሕን ላይ ብርሃኑ የህዋሱን ጠርዝ ይከባል፤ በእናቴ ፊደል ግን መሐል ላይ ተከማችቶ ቀርቷል። ሁለቱ በተቀላቀሉበት ሳሕን ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከጤነኛው በእጅጉ ያነሰ ነው። ሐኪሟ ቀጠሉ። የህዋሱ ፈተና ብቻውን ባይበቃም፣ ከእናቴና ከአክስቴ አወዳደቅ፣ ከልባችን ምት ጋር ሲደመር የፊደሏ ስም ተለውጧል። ከእንግዲህ «ትርጉሟ ያልታወቀ» ሳይሆን «ምናልባትም በሽታ አምጪ» ናት።

«አሁንም ምናልባት?» አለች እናቴ።

አባቴ «ምናልባትም» የሚለው ቃል ከ«አይታወቅም» እጅግ የራቀ መሆኑን ሊያስረዳት ሲጀምር፣ ተመራማሪዋ በመሐል አንድ የሚገርም ነገር ነገረችን። ሳሕኑን ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ሲያሳድሩት የተጣመሙት በሮች ቀስ በቀስ ወጥተው ግድግዳው ላይ ይገጠማሉ። ይህን ባትናገር ይሻላት ነበር። እናቴ ዘወር ብላ በመስኮቱ ዳሞታን አየችው። ለጸሎት ተራራው ላይ ስትወጣ አንድም ቀን ወድቃ እንደማታውቅ፣ እህቷ ደግሞ ሞቃቱ ተበላ ላይ ስትወድቅ እንደኖረች አስታወሰችን። ከዚያም ዳሞታ ላይ የት አካባቢ ቤት ቢሠራ እንደሚሻል ማሰብ ጀመረች። ተመራማሪዋ የሰው ገላ ውስጡ ዳሞታም ላይ ሆነ ተበላ ያው እንደሚሞቅ፣ ብርድ የሚጠቅመው ሳሕን ላይ ላለ ህዋስ ብቻ እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከመች። እናቴ ለይሉኝታ እሺ አለች። ተራራው ላይ የምትቆይበት ሰዓት ግን ከዚያ ወዲህ ጨምሯል።

አጎቴ ይህን ሁሉ ሰምቶ እንደሚከራከር ጠብቀን ነበር። እሱ ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መድኃኒቱ በቀን ስንቴ እንደሚዋጥ ጠየቀኝ። እናቴ ተገርማ ምን እንዳሳመነው ስትጠይቀው፣ «እናንተ ዘመዶቼ ናችሁ፤ ለእህቴ ትወግናላችሁ» አለ። «ያቺ ህዋስ ግን እኔን አታውቀኝም። ለምን ትዋሸኛለች?» የወፍጮው ጩኸት የማይጥለው የማያቋርጥ ስለሆነ መሆኑን ሐኪሙ በኋላ አስረድቶታል፤ የሚጎዳው ድንገተኛው ነው። ልጆቹም ተመረመሩ። ፊደሏ ያልተገኘባቸው ፈተና ያለፉ ያህል ጉራ ሲነዙ፣ የተገኘባት ትልቋ ልጁ ደግሞ የአያቷን ርስት የወረሰችው እሷ ብቻ እንደሆነች ነገረቻቸው።

እኔም በየማለዳው ትንሿን ነጭ ክኒን እውጣለሁ። የሚገርመው፣ በሽታ አለብሽ በተባልኩ ሳምንት ነው ምቴን መቁጠር ያቆምኩት።

ለአክስቴ በስልክ አልነገርኳትም፤ ወደ ተበላ ወረድኩ። ማንጎዋን ደርድራ ተቀምጣ ነበር። በሩን፣ አናጺውን፣ ግቢውን ሁሉ ነገርኳት። የሚከለከሉትን መድኃኒቶች ስም የያዘውን ካርድ ሰጠኋትና ወባ ሲይዛት መጀመሪያ እሱን እንድታሳይ አደራ አልኳት። ካርዱን ብዙም አላየችውም። ማንጎዎቹን ስታገላብጥ ቆየች።

«እንግዲያ ፈሪ አልነበርኩም» አለች።

አልነበርሽም አልኳት። ዐይኗ እንባ ሞላ፤ ግን አልፈሰሰም። ነጠላዋን መቀነት አድርጋ ታጠቀችና ማንጎውን እንድጠብቅላት ነግራኝ ተነሣች። ገበያውን ዞረች። ልጅ ሳሉ ከኋላዋ ያጨበጭቡባት ከነበሩት መካከል በሕይወት ያሉትን፣ ሽበት ያበቀሉትን ሁሉ አንድ በአንድ አገኘቻቸው። ከቅል ሻጩ ሽማግሌ ጋር ስትነጋገር ከሩቅ አየኋት። እጇን እያወናጨፈች ስለ በር ታስረዳዋለች። ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ፤ አጎነበሰ። ስትመለስ አንድ ትልቅ ቅል ይዛ መጣች። የይቅርታ ነው አለችኝ።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎን ነበር። ከወራት በኋላ ተመራማሪዋ እንደገና ደወለች። የፊደሏን ውጤት፣ ያለ እናቴ ስም፣ ሐኪሞች ሁሉ በሚያዩት መዝገብ ላይ አስፍራው ነበር። ከሌላ አገር አንድ ሆስፒታል ጻፈላት። እዚያም ይህችኑ ፊደል የያዘ አንድ ቤተሰብ አለ፤ «ትርጉሟ ያልታወቀ» ተብለው ሲጉላሉ ቆይተዋል። አሁን በእናቴ ፊደል ምክንያት መልስ አገኙ።

«ዘመዶቻችን ናቸው» አለች እናቴ ወዲያው።

ተመራማሪዋ ላይሆኑ እንደሚችሉ፣ ለውጡ በዚያ ለብቻው ተፈጥሮ ሊሆን እንደሚችል ነገረቻት። አገራቸውንም መናገር አትችልም። እናቴ ይህ ሁሉ አልከበዳትም። ሐሙስ ዕለት ቡድኗ ውስጥ ስማቸው ለማይታወቅ፣ አገራቸው ለማይታወቅ ዘመዶች ተጸለየ። በሆስፒታሉ በኩል መልእክት ይደርሳቸው እንደሆነ አስጠየቀችኝና ይደርሳል ስትባል፣ ስልካቸውን እንዲያሳንሱ፣ ክኒኑን እንዳይዘነጉ፣ የሚወድቅ ሰው ካላቸውም ፈሪ እንዳይሉት አስጻፈችኝ።

መልስ መጣ። እዚያ ቤትም አንዲት አሮጊት አሉ፤ የሚጥላቸው የበር ደወል ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ የልብ ወዳጇን ያገኘች ያህል ፊቷ በራ። ቀጥሎ እኚያ ሴት እልኸኛ ወንድም አላቸው ወይ ብዬ እንድጠይቅላት ለመነችኝ። አጎቴ በዚያ ሰዓት እኛው ቤት ተቀምጦ ነበር። ነገሩ ወደ ማን እንደተወረወረ ገብቶታል፤ ቀና ሳይል የተቀቀለ የቦዬ ሥሩን መላጥ ቀጠለ።